የአሮጌ ላንድክሩዘር ሆድና ደፍ ከድንጋይ መከላከያ፦ አሠራሩ ከአብነት እስከ ሙከራ

አሮጌ ላንድክሩዘር የገዛ ሰው ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሠራው ብዙውን ጊዜ የፊት ብረት ነው። ከሩቅ ይታያል፣ ለመኪናው ግርማ ይሰጠዋል፣ በያጁም ሥራው ስለሚታይለት ይወደዋል። ይሁንና ወደ ኤርታሌ በሚወስደው የላቫ መንገድ ወይም ክረምት አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን ብቻ ባስቀረው የገጠር መንገድ ላይ ፓራውልቱ የተጎዳ መኪና ተነድቶ ይመለሳል። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) የተሰነጠቀ ግን እዚያው ይቀራል። ዘይቱ ተሟጦ ለመፍሰስ ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ሹፌሩ የዘይት መብራቱን አይቶ ወዲያው ካላጠፋ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። የበሩ ደፍ ሲጨፈለቅ ደግሞ በሩ አልከፈት ይላል፣ ቢከፈትም አይዘጋም።

ስለዚህ እዚህ የምንሠራው ሁለት ነገር ነው፤ ከሆዱ ሥር የሚታሰር ላሜራ (የብረት ዝርግ) እና በበሮቹ ደፍ ሥር የሚሄድ የጎን ብረት። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ የዋለው ላንድክሩዘር 80 ነው፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክሱል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ዘንግ) በሞላ ላይ የተቀመጠለት፣ ቦዲውም በጎሚኒ (በጎማ ትራስ) ላይ ሆኖ ከሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ ጋር በቡሎን የታሰረ መኪና ነው። በሞላ ፈንታ ባሌስትራ (ተነባብረው የታሰሩ የብረት ምላሶች) ባለው ላንድክሩዘር 70 ላይ የሚለየውን በቦታው እነግራችኋለሁ። እንደ ራቭ ፎርና እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ እንደወጣው ፓጄሮ ያሉ የተለየ ሻንሲ የሌላቸው መኪኖች ግን በዚህ መንገድ አይሠሩም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ቦዲያቸው ራሱ ስለሆነ የጎን ብረቱን እግር የምታስሩበት ቦታ የላቸውም።

ሥራውን ሁሉ የሚገዛው አንድ ነገር ነው። መከላከያው ሲመታ ግፊቱ በየት አልፎ ሻንሲው ላይ እንደሚያርፍ በጣታችሁ ማሳየት መቻል አለባችሁ። ጣታችሁ ቦዲ ላይ፣ ደፍ ላይ ወይም የሞተር አካል ላይ ካረፈ ያ ቁራጭ እንደገና ይታሰብ።

ሥሩ ግቡና እዩ

መኪናውን መጀመሪያ አሳጥቡ። በጭቃ የተሸፈነ ሻንሲ ላይ የሚለካ ነገር የለም። ከዚያ ደልዳላ ወለል ላይ በክሪክ አንሥታችሁ በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይገባም።

ከሥር ሆናችሁ ስታዩ የተንጠለጠለውን ሁሉ ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ወገን ከአክሱል ጋር የሚወጣና የሚወርደው ነው፦ ዲፈረንሻሉ፣ ከፊት አክሱል ኋላ ዝቅ ብሎ ጎማ ከጎማ የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ፣ የአክሱሎቹ ክንዶች። ሁለተኛው ወገን ከሻንሲው ጋር የተሰቀለው ነው፦ ራዲያተር፣ መሪ ሳጥን፣ ኮፓ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው)፣ የነዳጅ ታንከር። ላሜራ የሚጠቅመው ለሁለተኛው ወገን ነው። ዲፈረንሻልን ከመሬት የሚያርቀው የጎማ ቁመት ብቻ ነው፤ ሻንሲ ላይ የታሰረ ላሜራ ዲፈረንሻልን ይሸፍናል ብሎ የሚያሳምናችሁ ሰው ካለ አክሱሉ ሲወጣ ላሜራው የት እንደሚገባ ጠይቁት።

በ80 ላይ የኋላ የታችኛዎቹ ክንዶች ጎልተው ስለሚንጠለጠሉ ድንጋይ ያጎብጣቸዋል። የሁለቱ ርዝመት እኩል ካልሆነ አክሱሉ ዞሮ ተቀምጧል ማለት ነው፤ መኪናው ቀጥ ብሎ የማይሄድበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው። ክንዶቹን ማጠንከር ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም፤ ጎብጠው ከሆነ ግን ከሌላው ሁሉ በፊት ይለወጡ።

ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉና በትንሽ መዶሻ እየነካካችሁ አዳምጡ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውስጥ የተበላው ይደነቁራል። የሞላ መቀመጫዎች አካባቢ፣ የመሪ ሳጥኑ የታሰረበት፣ የኋላ ክንዶች የተያዙበት ቦታ ላይ ቆይታ አድርጉ። የቀድሞ ባለቤት ያስበየደው ቦታ ካለ ጫፎቹ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ፈልጉ። እዚህ ስንጥቅ ከተገኘ የመከላከያ ሥራ ቆሞ የሻንሲ ጥገና ይቀድማል።

ብረት መግዛት

መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ሁሉም ብረት ጠንካራ ይመስላል። መለኪያ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ፤ 4 ሚ.ሜ. የተባለው ሲለካ 3.2 ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ለሆዱ ጥቁር ላሜራ ይሆናል። ክብደቱ በጭንቅላት የሚሰላ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ብረት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 4 ሚ.ሜ. 31.4 ኪሎ፣ 5 ሚ.ሜ. 39 ኪሎ፣ 6 ሚ.ሜ. 47 ኪሎ በካሬ ሜትር ይመጣል። ለራዲያተሩና ለመሪው ፊት 4፣ ለኮፓና ለትራንስፈር 5 ይበቃል። 6 ውሰዱ የሚላችሁ ይኖራል፤ ጥሩ ማጠንከሪያ ያለው 5 ግን ማጠንከሪያ ከሌለው 6 ይሻላል።

ለጎን ብረቱ ዋና አካልና እግሮች 60 በ60 ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) በ4 ሚ.ሜ. ውፍረት። ውፍረቱ ላይ ድርድር የለም፣ ምክንያቱን ቁጥሩ ያሳያል። ላንድክሩዘር 80 ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ነው፤ በአንድ ጎኑ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ አንድ ቶን እዚያ ያርፋል እንበል። አንድ ቶን ከሻንሲው 30 ሳ.ሜ. በራቀ ጫፍ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው የማጉበጥ ኃይል 3,000 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። 60 በ60 በ4 ሚ.ሜ. የሆነ ተራ ቱቦላሬ 3,700 ገደማ ድረስ ሳይጎብጥ ይችላል። ለበርና ለመስኮት ሥራ የሚሸጠው ባለ 2 ሚ.ሜ. ግን 2,000 ላይ ይታጠፋል። መኪናው ቀስ ብሎ ሳይሆን ዘሎ ሲወድቅ ደግሞ ኃይሉ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በየጎኑ ቢያንስ ሦስት እግር የምንተክለው ለዚህ ነው።

ለውጨኛው ጠርዝ ባለ 48 ሚ.ሜ. ጥቁር ቱቦ ከ3 ሚ.ሜ. በማያንስ ውፍረት። የውኃ ቧንቧ አትግዙ። ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ ዚንኩ ከሚበየድበት ቦታ ዙሪያ በግራይንደር ተፍቆ ይውጣ፣ ሥራውም ደጅ ይሠራ። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራም ለእግር ይሆናል ብለው የሚያቀርቡ አሉ። ባሌስትራ ካርቦኑ ከፍተኛ ነው፤ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከብየዳው ጥግ ያለው ብረት እንደ ብርጭቆ ይደርቅና በመጀመሪያው ምት ይሰበራል።

ሒሳቡን እንዝጋ። ሦስት የሆድ ላሜራ 38 ኪሎ ገደማ፣ ሁለቱ የጎን ብረቶች እያንዳንዳቸው 27 ኪሎ ገደማ፣ ከነማሰሪያና ቡሎኑ መቶ ኪሎ አካባቢ ነው። ይህ ከሚፈቀደው ጭነት ላይ ይቀነሳል። ሞላው አርጅቶ መኪናው የተቀመጠ ከሆነ መቶ ኪሎ ሲጨመርበት ያገኛችሁትን ጥበቃ በከፍታ መልሳችሁ ትከፍሉታላችሁ።

የካርቶን አብነት

የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን አግኙ። ጠቅላላው ሥራ እዚህ ያልቃል ብል ማጋነን አይደለም፤ ካርቶን ላይ ያልታየ ስህተት ላሜራ ላይ ገንዘብ ነው።

በ80 ላይ ሆዱ አንድ ወጥ ላሜራ አይቀበልም፤ የፊት አክሱል መሐል ላይ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ሦስት ቁራጭ ይሆናል። አንደኛው ከፓራውልቱ ሥር ተነሥቶ ከአክሱሉ በፊት የሚያበቃ፣ ራዲያተሩንና መሪውን የሚሸፍን። ሁለተኛው ከአክሱሉ ኋላ ጀምሮ ኮፓውንና ካምቢዮውን የሚሸፍን። ሦስተኛው የትራንስፈሩ።

ካርቶኑን በሽቦ ሻንሲው ላይ እሰሩና አራት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው ክፍተት ነው፤ ላሜራው ከኮፓው ቢያንስ 30 ሚ.ሜ. ይራቅ፣ ሲመታ ይጎብጣልና፤ ሞተሩም በጎሚኒው ላይ ይናጣል። ሁለተኛው አክሱሉ ነው፤ ሞላዎቹን ፈታችሁ ወይም በሁለት ክሪክ አክሱሉን ከነጎማው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፉት። ያኔ የፊት ካርዳኑ (ኃይል ወደ አክሱሉ የሚወስደው ዘንግ)፣ የመሪው ዘንጎችና አክሱሉን በጎን የሚይዘው ረጅም ዘንግ የት እንደሚደርሱ ካርቶኑ ላይ በጠመኔ ይሳሉ። መሪውንም እስከ ጥግ ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩ። ሦስተኛው ጭስ ማውጫው ነው፤ በላሜራውና በቱቦው መሐል ከ25 ሚ.ሜ. ያነሰ ክፍተት አይኑር። አራተኛው ዘይት መቀየሪያው ነው፤ የኮፓው፣ የካምቢዮውና የትራንስፈሩ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኖች ባሉበት 70 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ይውጣ። ቀዳዳው ከቡሎኑ ትንሽ ወደ ኋላ ያዝ ቢል ይሻላል፤ ዘይት ሲወጣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወርወር ብሎ ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ዘይት በቀየረ ቁጥር ላሜራውን በዘይት ያጥባል።

መቁረጥና ማጠፍ

አብነቱን ላሜራው ላይ አስቀምጣችሁ ምልክት አድርጉና ቁረጡ። የእያንዳንዱ ላሜራ የፊት ጠርዝ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ላይ ይታጠፍ። በተለይ ከአክሱሉ ኋላ የሚጀምረው ሁለተኛው ላሜራ ጠፍጣፋ አፍ ይዞ ከቀረ ድንጋዩን አያሳልፍም፣ ያርሰዋል እንጂ።

5 ሚ.ሜ. የሚያጥፍ ማሽን ያለው ቤት በቅርብ ካልተገኘ በግራይንደር ማጠፍ ይቻላል። የሚታጠፈውን መስመር ሲታጠፍ ወደ ውስጥ በሚሆነው ፊት፣ ማለትም በላይኛው ፊት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስምሩ። መስመሩን በ3 ሚ.ሜ. ዲስክ 3 ሚ.ሜ. ጥልቀት ድረስ ፈልፍሉት፤ ከሥር 2 ሚ.ሜ. ይቀራል። አንድ ጊዜ ጠልቆ ከመግባት ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለሱ መፈልፈል ጥልቀቱን እኩል ያደርገዋል። ላሜራውን በጠረጴዛ ጠርዝና በአንጎላሬ (በማዕዘን ብረት) መሐል በክላምፕ አጥብቃችሁ በጣውላ ላይ በከባድ መዶሻ ምቱት። የተፈለፈለው አፍ ሲገጥም ማዕዘኑ 45 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ያንን አፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ በሙሉ በይዱት፤ ውጨኛው ፊት ሳይቆረጥ ስለቀረ ለድንጋዩ ወጥ ሆኖ ይታያል።

ማጠንከሪያውን በላይኛው ፊት ላይ ስጡት፤ 30 በ5 ሚ.ሜ. ጠፍጣፋ ብረት በጠርዙ ቆሞ፣ ከፊት ወደ ኋላ ርዝመቱን ተከትሎ፣ በየ20 ሳ.ሜ. አንድ። ሙሉውን ርዝመት አትበይዱት፣ ላሜራው ይጣመማል። 3 ሳ.ሜ. በይዳችሁ 6 ሳ.ሜ. ዝለሉ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ። ከታች በኩል ምንም የማጠንከሪያ ብረት አይውጣ።

የጭቃ መውጫ ቀዳዳዎችም ያስፈልጋሉ። ዋልካ ላሜራው ላይ ሲሞላ ከብዶ ከመቀመጡ ሌላ ሙቀት ያፍናል፣ ዝገትም ይጠራል። ከፊት ወደ ኋላ የረዘሙ 25 በ80 ሚ.ሜ. መውጫዎች ድንጋይ አይዙም። በወርድ የተቆረጠ መውጫ ግን የድንጋይ ጥርስ ይይዛል።

ሆዱን ማሰር

ለመጀመሪያው ላሜራ ከራዲያተሩ ሥር ያለው የሻንሲ አግዳሚ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፋብሪካው የራሱን ትንሽ ላሜራ ያሰረባቸው ቀዳዳዎች ካሉ ተጠቀሙባቸው። ሁለተኛው ላሜራ ከፊት የሚያርፍበት አግዳሚ ስለሌለው ተፈታቺ አግዳሚ ትሠሩለታላችሁ፦ ከ60 በ60 ቱቦላሬው የተቆረጠ፣ ከሻንሲ ሻንሲ የሚደርስ፣ ሁለቱም ጫፉ ላይ 6 ሚ.ሜ. ላሜራ የተበየደለትና በሁለት ሁለት ቡሎን የሚያዝ። የፊት ክንዶቹ ሻንሲ ላይ የሚያዙት እዚያው አቅራቢያ ስለሆነ ቦታው ጠባብ ነው፤ አክሱሉ ወደ ላይ በተገፋበት ሁኔታ ነው የሚለካው። ከኋላ የካምቢዮው አግዳሚ ይይዘዋል፤ ካምቢዮውን የያዙትን ቡሎኖች ግን ለላሜራው አታጋሩ፣ የራሱን ማሰሪያ ስጡት።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ላሜራ የሚገናኙበት ቦታ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቦ ይሁን፦ የፊተኛው የኋላ ጠርዝ ከታች፣ የኋለኛው የፊት ጠርዝ ከላይ። ድንጋዩ ከፊት ወደ ኋላ ሲንሸራተት የሚይዘው አፍ አያገኝም። ወደ ኋላ ስትነዱ ያ የታችኛው ጠርዝ ፊት ለፊት ይሆናልና ጠርዙን በግራይንደር አዘንብላችሁ ሞርዱት።

ቡሎኖቹ 8.8 ጥንካሬ ያላቸው ይሁኑ፤ ለላሜራዎቹ ባለ 10 ሚ.ሜ.፣ ለአግዳሚው ባለ 12። የቡሎኑ ጭንቅላት ከላሜራው በታች ከወጣ ድንጋይ ይበላዋል፣ ከተበላ በኋላ ቁልፍ አይዘውም። ቀላሉ መፍትሔ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ ቀለበት፣ ከቱቦ ተቆርጦ 12 ሚ.ሜ. ቁመት ያለው፣ በቀዳዳው ዙሪያ መበየድ ነው። የሶኬት ቁልፍ እንዲገባበት ስፋቱን በሶኬቱ ለኩት። ዳዶዎቹን ከላይ በኩል ማሰሪያው ላይ በይዷቸው፤ ጭቃ ውስጥ ተኝታችሁ ሁለተኛ ቁልፍ የሚይዝላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

የጎን ብረቱ

ፋብሪካው የሰጠው ወይም የድሮ ባለቤት ያሠራው ፔዳና (መወጣጫ) ካለ ይውጣ። ፔዳና ለእግር ነው፤ ብዙዎቹ ከደፉ ጋር ስለታሰሩ ድንጋይ ሲመታቸው ደፉን ይዘው ይወጣሉ።

60 በ60 ቱቦላሬውን ከፊት ጎማ ኋላ እስከ ኋላ ጎማ ፊት ድረስ ቁረጡ፤ በ80 ላይ 1.7 ሜትር አካባቢ ይመጣል። ጎማው ተጠምዝዞ ሲወጣ እንዳይነካው ጎማውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ለኩ። ቱቦላሬው ከደፉ ሥር 20 ሚ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ቦዲው በጎሚኒው ላይ ስለሚንቀሳቀስ፣ የጎን ብረቱም ጭነት ሲይዝ ትንሽ ስለሚወጣ፣ ክፍተቱን አጥብባችሁ ለውበት ብላችሁ አታስጠጉት። ይህን ለመጠበቅ ቀላሉ ዘዴ 20 ሚ.ሜ. ጣውላ በደፉና በብረቱ መሐል አስቀምጦ ከታች በክሪክ ደገፍ አድርጎ መሥራት ነው።

እግሮቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ የፊት በር ማጠፊያ አካባቢ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ የኋላ በር መጨረሻ አካባቢ። የቦዲው ጎሚኒ የተቀመጠባቸውን ቅንፎች ሽሹ። እግሩ ከሻንሲው ሲወጣ ወደ ውጭ 10 እስከ 15 ዲግሪ ቀና ይበል፤ መኪናው ድንጋይ ላይ በጎኑ ሲደገፍ ጫፉ ድንጋዩን ከበሩ ያርቃል። ከውጭ የሚበየደው ባለ 48 ቱቦ ከደፉ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ወጣ ይበል፣ ከጎማው ውጫዊ ፊት ግን አይለፍ። ለቦሎ ምርመራም ሆነ ለጠባብ መንገድ ጎልቶ የወጣ ብረት ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ትልቁ ጥያቄ፦ በብየዳ ወይስ በቡሎን? በያጁ ጎበዝ ከሆነ ብየዳው ቀጭንና ቀላል ሥራ ነው። ግን እግሩን ቀጥታ ሻንሲው ላይ አትበይዱት። መጀመሪያ 150 በ150 የሆነ 6 ሚ.ሜ. ላሜራ ሻንሲው ጎን ላይ ይበየዳል፣ እግሩ በእርሱ ላይ ያርፋል፤ ጭነቱ ይሰራጫል። ላሜራውን 45 ዲግሪ አዙራችሁ እንደ ዳይመንድ አስቀምጡት፣ ወይም ማዕዘኖቹን በሰፊው ክብ አድርጉ፤ ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች በቀጥታ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር የስንጥቅ መነሻ ነው። የሻንሲው የላይና የታች ፊት ላይ ብየዳ አይግባ፤ የመጎበጥ ውጥረቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ዳይመንዱ ከሻንሲው ቁመት ካለፈ መጠኑን ቀንሱት።

መበየድ ካልፈለጋችሁ ሻንሲውን ከውጭና ከውስጥ በሁለት 8 ሚ.ሜ. ላሜራ ሳንዱች አድርጋችሁ፣ ከሻንሲው በላይና በታች በሚያልፉ ባለ 12 ቡሎኖች ማሰር ይቻላል። ሻንሲው ሳይበሳ ይቀራል። በውስጠኛው ጎን የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመርና ሽቦ ስለሚያልፉ ላሜራው እንዳይጨፈልቃቸው እጃችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። ሻንሲውን በስታችሁ ቡሎን የምታሳልፉ ከሆነ ግን ውስጡ ባዶ ሳጥን ነውና ቡሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳው ይጨፈለቃል፤ በሁለቱ ግድግዳ መሐል ልክ የሚገባ የቱቦ ቁራጭ አስገቡ።

መኪናው ላይ ሲበየድ

የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ፍቱ፣ የዲናሞውንም ሶኬት ንቀሉ። የብየዳውን መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ በተፋቀ ብረት ላይ እሰሩ፤ ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታና በካርዳን ውስጥ አልፎ ይመለሳል። የፋብሪካውን ሬንጅ ቀለም ቢያንስ 10 ሳ.ሜ. ዙሪያውን ፍቁት፤ ይቀጣጠላል። ከምትበይዱበት በላይ ያለውን የወለል ምንጣፍ አንሡ። እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ይቁም። ከነዳጅ ታንከሩና ከመስመሩ አጠገብ ከሆነ ታንከሩ ይውረድ፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይያዝም ብሎ የሚከራከር ሰው የጎማ ቱቦዎቹን ረስቷል።

ለሻንሲው ሥራ ባለ 7018 ኤሌክትሮድ የተሻለ ነው፤ ግን ደረቅ መሆን አለበት። ክረምት ላይ ክፍት ካርቶን ውስጥ የከረመ 7018 እርጥበቱን ወደ ብየዳው ይዞ ይገባና ስንጥቅ ያመጣል። ደረቅ ካልተገኘ 6013 በንጹሕ ብረት ላይ ይበቃል። ባለ 3.2 ሚ.ሜ. 6013 ከ90 እስከ 130 አምፔር ይሄዳል። ከሻንሲው ግድግዳ የወፈረው 6 ሚ.ሜ. ላሜራ ነውና እሳቱን ወደ ላሜራው አዘንብሉት፤ ሻንሲው ጠርዝ ላይ የተበላ ጉድጓድ ከቀረ ሞልታችሁ አስተካክሉት። መጀመሪያ ሁሉንም እግር ነካ ነካ አድርጋችሁ ያዙ፣ በስኳድራና በሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ እያፈራረቃችሁ በይዱ። ሲያልቅ ውኃ አትድፉበት፣ በራሱ ይቀዝቅዝ።

ቀለም

የቱቦላሬዎቹን ጫፍ ዝጉ፣ ከታች ግን በየጫፉ 8 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ተዉ፤ ውኃ መግባቱ ስለማይቀር መውጫ ይኑረው። ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ዙር፣ ከላዩ ጥቁር። ውድ የፋብሪካ ቀለም መቀባት ትርፉ ጥቂት ነው፤ በመጀመሪያው ድንጋይ ይላጣል፣ የተላጠውን በብሩሽ መጠገን ደግሞ አይመችም። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ጎሚኒ ላይ ከደረሰ ግን ጎሚኒውን ያሞተዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ሻንሲው ውስጥና ከተበየደው ቦታ ጀርባ ግን ዝገት የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ሰም ያለው መከላከያ ርጩበት።

ሙከራ

ጎማው መሬት ላይ እያለ ክሪኩን በጎን ብረቱ መሐል አስገቡና የዚያን ጎን ሁለት ጎማ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ሥሩ ማንም አይግባ። ከደፉ ያለው 20 ሚ.ሜ. ክፍተት ምን ያህል ጠበበ? ከ5 ሚ.ሜ. በላይ ከጠበበ፣ ወይም ሲወርድ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ እግር ይጨመር ወይም ከእግሩ ሥር የሦስት ማዕዘን ድጋፍ ይበየድ። በሩ በተነሣበት ሁኔታ እንደ ወትሮው መከፈቱንና መዘጋቱንም እዩ።

የሆዱን ላሜራ ደግሞ መኪናውን አስጀምራችሁ ፈትኑት። ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን ለቀቅ ስታደርጉ ሞተሩ ሲናጥ የሚነካ ብረት ካለ ድምፁ ይነግራችኋል። ከዚያ ድንጋያማ ያልሆነ ኮረኮንች ላይ ሄዳችሁ ተመለሱና የተጋጨ ወይም የተላጠ ቦታ ፈልጉ።

ባለ ባሌስትራው 70 ላይ ሥራው ይቀልላል፤ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው፣ ክንዶቹም የሉም። ግን ባሌስትራውን ከአክሱሉ ጋር የያዙት ቡሎኖች ጥርሳቸው ወደ ታች ወጥቶ ድንጋይ ይመታዋል፤ የተጨፈለቀ ጥርስ ያለው ዳዶ ሲፈታ ቡሎኑን ይበጥሳል። ትርፉን ቁረጡና ከሥሩ ትንሽ የላሜራ መሸፈኛ ስጡት።

የፊት ብረቱንስ? ከብትና አህያ በሚያቋርጡበት መንገድ ላይ ራዲያተርን ያድናል፣ አልክድም። ነገር ግን እግረኛ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው፤ ክብደቱም ከአክሱሉ በፊት ስለሚንጠለጠል የፊት ሞላዎችን ይጎዳል። ሆዱና ጎኑ ካለቁ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ የሚታሰብ ነው።

ከመጀመሪያው ሻካራ ጉዞ በኋላ ሁሉንም ቡሎን መልሳችሁ አጥብቁ፤ ባለ 12 በ80 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ባለ 10 በ45። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ላሜራዎቹ ወርደው ይታጠቡ። በተለይ ከበጋ ሣር መሐል ስትወጡ ጭስ ማውጫው አጠገብ የተጠራቀመውን ደረቅ ሣር በእጃችሁ አውጡ፤ መኪና የሚያቃጥለው እርሱ ነው። ላሜራው ተጎድቶ ኮፓውን ካልነካ መዶሻ ይበቃዋል። ከመኪናው መሣሪያ ጋር አራት ትርፍ ቡሎን ባለ 10 እና ሁለት ባለ 12 ይኑሩ፣ ከነሮንዴላቸው፣ ለቀለበቶቹም ልክ የሚገባ ሶኬት አብሮ።